የኮሎራዶን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ለሕዝብ ድምፅ ስለሚቀርቡ ሐሳቦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኦክቶበር አጋማሽ የምርጫው ፖስታ ወደየቤታችን ሲደርስ አብዛኞቻችን ፕሬዚዳንቱን ወይም አገረ ገዥውንና እንደራሴዎቹን መርጠን ወረቀቱን ስንገለብጠው በጥቃቅን ፊደል የታጨቁ፣ አንዳንዴ ከአሥር የሚበልጡ ጥያቄዎች ይጠብቁናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደክመዋል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በኦሮራና በዴንቨር ከምንኖር ወገኖች፣ ከቅዳሴ በኋላ በሻይ ሰዓት፣ በእድር ስብሰባ ላይና በስልክ ለዓመታት ሲቀርቡልኝ የቆዩ ናቸው። ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በስተቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት እያለ ኮሎራዶ የራሷ ሕገ መንግሥት ለምን አስፈለጋት?

እያንዳንዱ የአሜሪካ ግዛት የየራሱ ሕገ መንግሥት አለው፤ የኮሎራዶውም ግዛቲቱ ኅብረቱን በተቀላቀለችበት በ1876 የጸደቀ ነው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በረጅሙ ዕድሜው የተሻሻለው 27 ጊዜ ብቻ ሲሆን የኮሎራዶው ግን ከ150 ጊዜ በላይ ተሻሽሏል። ለልዩነቱ ዋናው ምክንያት አሠራሩ ነው። የፌዴራሉ ማሻሻያ በኮንግረስና በግዛቶች በኩል ያልፋል እንጂ በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ አይቀርብም፤ በኮሎራዶ ግን ሕዝቡ ሳያጸድቀው አንድም ቃል አይለወጥም፤ ከ1910 ጀምሮ ደግሞ ሕዝቡ ምክር ቤቱን ሳይጠብቅ ራሱ ሐሳብ አመንጭቶ ራሱ ያጸድቃል። ስለዚህ በሰነዱ ውስጥ ስለ ሰብዓዊ መብት ብቻ ሳይሆን ስለ ንብረት ግብር፣ ስለ ትምህርት ቤት በጀት፣ ስለ ቢንጎ ጨዋታ ፈቃድ ጭምር ተጽፎ ይገኛል።

ከኢትዮጵያ ለመጣን ሰዎች ይህ እንግዳ ቢመስለን አያስደንቅም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 104 እና 105 የማሻሻያ ሐሳብ ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ቢያዝም፣ ውሳኔውን የሚሰጡት ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችና የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። እዚህ ግን የመጨረሻዋ ፊርማ የመራጩ ናት፤ አገረ ገዥው እንኳ የማሻሻያ ሐሳብን ውድቅ የማድረግ ሥልጣን የለውም።

“አሜንድመንት” እና “ፕሮፖዚሽን” የሚባሉት በምን ይለያያሉ? ቁጥርና ፊደሉስ ምን ያመለክታል?

በኮሎራዶ “አሜንድመንት” የሚል ስያሜ ያለው ሐሳብ ሕገ መንግሥቱን የሚለውጥ ነው። “ፕሮፖዚሽን” የተባለው ደግሞ ተራ ሕግን ብቻ ይለውጣል፤ እርሱን ምክር ቤቱ በኋላ ሊያሻሽለው ይችላል። ከስሙ ቀጥሎ ቁጥር ካለ ሐሳቡ የመጣው ፊርማ ካሰባሰቡ ዜጎች ነው፤ ፊደል ከሆነ ምክር ቤቱ የመራው ነው። ይህችን ትንሽ ምልክት ያወቀ ሰው ወረቀቱን ገና ሲያየው ሐሳቡ ከማን እንደመጣና ክብደቱ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። “አሜንድመንት” የሚለውን ሲያዩ ረጋ ይበሉ፤ እዚያ ላይ የሚጻፈው በቀላሉ የሚፋቅ አይደለም።

አንድ ሐሳብ እስከ ድምፅ መስጫው ወረቀት የሚደርሰው እንዴት ነው?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በምክር ቤቱ በኩል ነው፤ ከ35ቱ ሴናተሮችና ከ65ቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምክር ቤታቸው ሁለት ሦስተኛው ከተስማማ ሐሳቡ ወደ ሕዝብ ይመራል። ሁለተኛው የዜጎች መንገድ ረዘም ያለ ነው። ሁለት ተጠሪዎች ረቂቁን ለምክር ቤቱ የሕግ ባለሙያዎች ያቀርባሉ፤ ባለሙያዎቹም በይፋ ስብሰባ ላይ “ይህ ቃል ምን ማለት ነው? ይህስ ከነባሩ አንቀጽ ጋር አይጋጭም?” እያሉ ይጠይቋቸዋል። ከዚያ ጉዳዩ ሦስት አባላት ወዳሉት ርእስ ሰጪ ቦርድ ይሄዳል። ቦርዱ ሐሳቡ አንድ ጉዳይ ብቻ የያዘ መሆኑን ያረጋግጣል፤ እኛ በወረቀቱ ላይ የምናነበውን ርእስም የሚጽፈው እርሱ ነው። በቦርዱ ውሳኔ ያልተስማማ ሰው ቦርዱ ጉዳዩን ዳግም እንዲያየው ከጠየቀ በኋላ ለግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል።

ርእሱ ከጸና በኋላ ፊርማ ማሰባሰብ ይጀመራል፤ ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ ስድስት ወር ነው። ብዛቱ ባለፈው ምርጫ ለግዛቱ የሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት (ምርጫን የሚመራው ባለሥልጣን) ቦታ ከተሰጠው ድምፅ 5 በመቶ ሲሆን፣ በ2022ቱ ምርጫ ስሌት 124,238 ትክክለኛ ፊርማ ይሆናል። ለሕገ መንግሥት ማሻሻያ ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ በ2016 የጸደቀው አሜንድመንት 71 ከ35ቱ የሴኔት ወረዳዎች ከእያንዳንዳቸው ከተመዘገቡት መራጮች ቢያንስ 2 በመቶው እንዲፈርም ያዛል። ስለዚህ በዴንቨር መንገዶች ላይ ብቻ ቆሞ ማሻሻያ ማቅረብ አይቻልም፤ በምሥራቅ ያሉት የእርሻ አካባቢዎችና በምዕራብ ያሉት የተራራ ከተሞችም መፈረም አለባቸው። ደጋፊዎቹ ይህ የገጠሩን ሰው ድምፅ ያስከብራል ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ አንድ ወረዳ ብቻውን የመላውን ግዛት ጥያቄ ሊያስቀር እንደሚችልና ገንዘብ የሌለው ቡድን 35ቱንም ማዳረስ እንደማይችል ይናገራሉ። ለእኔ ሁለተኛው ሥጋት ሚዛን ይደፋል።

ገበያ ደጃፍ የሚቆሙት ሰዎች ፊርማ ሲጠይቁኝ መፈረም አለብኝ? ግሪን ካርድ ብቻ ያለኝስ?

መፈረም ግዴታ አይደለም፤ መፈረምም ሐሳቡን መደገፍ ማለት አይደለም፣ ለድምፅ ይቅረብ ማለት ነው። መፈረም የሚችለው ግን በኮሎራዶ የተመዘገበ መራጭ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ መመዝገብ ስለማይችል መፈረምም አይችልም።

ባለፉት ዓመታት በአንዱ የበጋ ቀን በሐቫና ጎዳና ከአንድ ገበያ ደጃፍ ቆሜ ሳለ፣ እንጀራዋን በአንድ እጇ የያዘች አንዲት ወጣት እናት ክሊፕቦርድ የያዘ ሰው ቀርቦ “ለልጆች ትምህርት ቤት ነው፣ እዚህ ጋር ብቻ ፈርሚ” ሲላት ሰማሁ። ልትፈርም ብዕሩን ተቀበለች። ወረቀቱን አብረን ስናየው በገጹ አናት ላይ ማስጠንቀቂያ ታትሞበታል፤ ከራስ ስም በቀር በሌላ ስም መፈረም፣ ለአንድ ሐሳብ ከአንድ ጊዜ በላይ መፈረም፣ የተመዘገበ መራጭ ሳይሆኑ እያወቁ መፈረም ሕግ መጣስ ነው ይላል። እርሷ ገና ግሪን ካርዷን ካገኘች ሁለት ዓመቷ ነበር። ሰውየው ክፉ ነው አልልም፤ ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ በክፍያ የሚሠሩ ናቸው፣ ቸኩሎም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የእርሱ ችኮላ የእርሷን የዜግነት ማመልከቻ ሊያበላሽ ይችል ነበር። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውንና የሐሳቡን ርእስ ሳያነቡ፣ የመራጭነት ምዝገባዎንም እርግጠኛ ሳይሆኑ ብዕር አይቀበሉ።

ዜጋ ያልሆነ ሰው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ድምፅ መስጠት ይችላል?

አይችልም። በ2020 የጸደቀው አሜንድመንት 76 “እያንዳንዱ ዜጋ” ይል የነበረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ “ዜጋ ብቻ” ወደሚል ለውጦታል። ከዚያ በፊትም ዜጋ ያልሆነ ሰው በግዛቱ ምርጫ አይመርጥም ነበር፤ ማሻሻያው ያንን በጽኑ ቃል አስቀመጠው። ዜጋ ሳይሆን ድምፅ የሰጠ ሰው በወንጀል ሊከሰስ፣ ዜግነት ሊከለከል፣ ከአገርም ሊባረር ይችላል፤ “አላወቅሁም ነበር” ማለት ብዙ ጊዜ አያድንም። በ2022 ዜጋ ላልሆኑ 30,000 ያህል ነዋሪዎች እንዴት እንደሚመዘገቡ የሚገልጽ ካርድ በስህተት ተልኮላቸው እንደነበር አይዘነጋም። የመንግሥት ማኅተም ያለበት ካርድ በፖስታ መምጣቱ መብት አይሰጥም። እንዲህ ያለ ነገር ከደረስዎ ሳይሞሉ ያስቀምጡትና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

ማሻሻያው እንዲጸድቅ ስንት ድምፅ ያስፈልጋል?

ሕገ መንግሥቱ ላይ አዲስ ነገር የሚጨምር ወይም ያለውን የሚለውጥ ሐሳብ 55 በመቶ ድምፅ ያስፈልገዋል። ያለውን ድንጋጌ በሙሉ ወይም በከፊል ከመሰረዝ ያለፈ ሥራ የሌለው ሐሳብ ግን ከግማሽ በላይ ካገኘ ይበቃዋል። ይህንንም ያመጣው አሜንድመንት 71 ነው፤ እርሱ ራሱ ሲጸድቅ ያለፈው በቀድሞው ሕግ፣ ማለትም በተራ አብላጫ መሆኑ ልብ የሚባል ነው።

ልዩነቱ በተግባር ታይቷል። በ2020 የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የቢንጎና የሎተሪ ፈቃድ ለማግኘት የሚጠብቁትን ጊዜ ከአምስት ዓመት ወደ ሦስት ለማሳጠር የቀረበው አሜንድመንት ሲ 52 በመቶ ያህል ድጋፍ አግኝቶ ወደቀ። ከግማሽ በላይ የሆነው መራጭ “አዎ” ብሎ ሳለ ጥያቄው ሳይጸድቅ መቅረቱን በማግስቱ ያዩ ወገኖች “ድምፃችን ተሰረቀ” ሲሉ ሰምቻለሁ። አልተሰረቀም፤ መስፈሪያው 55 ነበር።

የጥያቄዎቹ ቋንቋ ለምን እንዲህ ያደናግራል? “አዎ” ማለት ምን እንደሚያመጣ በምን አውቃለሁ?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም በኮሎራዶ አንድ ትልቅ ጉዳይ በአረፍተ ነገር አሠካክ ብቻ ወድቆ፣ አረፍተ ነገሩ ሲቃና የተነሣበት ጊዜ አለ።

የ1876ቱ ሕገ መንግሥት ባርነትንና በግዳጅ ማገልገልን ከልክሎ ሲያበቃ፣ ወዲያው “በሕግ አግባብ በወንጀል ጥፋተኛ ለተባለ ሰው ቅጣት ካልሆነ በቀር” የሚል ልዩ ሁኔታ ያስቀምጥ ነበር። በ2016 ምክር ቤቱ ይህን ልዩ ሁኔታ ለማውጣት አሜንድመንት ቲ የተባለውን ሐሳብ ወደ ሕዝብ መራ። በወረቀቱ ላይ የታተመው ጥያቄ ግን ባርነትንና የግዳጅ አገልግሎትን በሚከለክለው ድንጋጌ ላይ በወንጀል ለተፈረደባቸው ሰዎች ቅጣት ተብሎ የተቀመጠው ልዩ ሁኔታ መነሣቱን የሚመለከት ማሻሻያ ይደረግ ወይ የሚል ነበር። መከልከል አለ፣ ከመከልከሉ የሚቀር ነገር አለ፣ ያም የሚቀረው ነገር ደግሞ ይነሣል። ሦስት ጊዜ የሚገለባበጥ ጥያቄ ነው።

በዚያ ዓመት አክስቴ ቤት በምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቷን ዘርግተን ስናነብ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ “ልጄ፣ አዎ ካልኩ ባርነቱ ይመጣል ወይስ ይቀራል?” ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያው መመለስ አልቻልኩም፤ እኔም ደጋግሜ ማንበብ ነበረብኝ። በመላው ግዛት ስንት ሰው እንዲሁ ብዕሩን ይዞ እንደቆመ ማሰብ አያዳግትም። አሜንድመንት ቲ ከመቶ አንድ እንኳ በማይሞላ ልዩነት ወደቀ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው ጉዳይ አሜንድመንት ኤ ተብሎ ተመለሰ። ጥያቄው በዚህ ጊዜ ባርነትንና የግዳጅ አገልግሎትን በማናቸውም ሁኔታ የሚከለክል ማሻሻያ ይደረግ ወይ የሚል ነበር። ከሦስት መራጮች ሁለቱ ያህል “አዎ” አሉ። የሚሰረዘው ሐረግ ያው ነበር፤ የተለወጠው አጠያየቁ ነው።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው ዘዴ እንዲህ ነው። ከሁሉ በፊት “አዎ” ሁልጊዜ ለውጥ፣ “አይ” ሁልጊዜ እንዳለ መቀጠል መሆኑን እይዛለሁ፤ “አይ” የሚል ድምፅ አዲስ ክልከላ አያመጣም፣ ነባሩን ያጸናል። ቀጥሎ ርእሱን ትቼ ከምርጫው በፊት በየቤቱ በፖስታ የሚላከውን፣ ሁላችንም “ብሉ ቡክ” የምንለውን መጽሐፍ እከፍታለሁ። በዚያ ውስጥ የማሻሻያው ሙሉ ቃል ይገኛል፤ የሚሰረዘው ቃል በላዩ መስመር ተሰምሮበት፣ የሚጨመረው ደግሞ በትልልቅ ፊደላት ተጽፎ ይታያል። የተሰረዘውን ዘልዬ፣ አዲሱን አካትቼ አረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ለራሴ እናገረዋለሁ። በአማርኛ ስናገረው ትርጉም የማይሰጠኝ ከሆነ ገና አልገባኝም ማለት ነው፤ እስኪገባኝም ድረስ ብዕር አላነሣም።

“ብሉ ቡክ” የሚባለውን ማመን ይቻላል?

የሚያዘጋጁት የየትኛውም ወገን ቅስቀሳ ክፍል ሳይሆኑ የምክር ቤቱ የጥናት ሠራተኞች ናቸው፤ እንዲዘጋጅ የሚያዘውም ራሱ ሕገ መንግሥቱ ነው። ለእያንዳንዱ ሐሳብ የድጋፍና የተቃውሞ መከራከሪያዎችን፣ በመንግሥት ገቢና ወጪ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የሚታተመው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። አማርኛ አለመኖሩ ለወላጆቻችን እንቅፋት መሆኑን አልክድም፤ ስለዚህም ነው ከምርጫው ሁለት ሳምንት በፊት ወጣቶቹን ሰብስቦ በአማርኛ አብሮ ማንበብ የሚጠቅመው። መጽሐፉ ግልጽ ነው፣ ቸኩሎ አይጮህም፣ በቴሌቪዥን ከሚተላለፈው የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ጋር አይወዳደርም።

ስለ ማስታወቂያው ካነሣን፣ ለግለሰብ እጩ የሚሰጥ ገንዘብ ጣሪያ ሲኖረው ለማሻሻያ ሐሳብ ቅስቀሳ የሚሰጥ ገንዘብ ግን በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ምክንያት ጣሪያ የለውም። ገንዘቡን የሰጠው ማን እንደሆነ ግን መመዝገብ አለበት፤ ግዛቱ “ትሬሰር” በሚለው ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው ከፍቶ ማየት ይችላል።

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ወረቀቱን ልሞላላት እችላለሁ?

እርሷ ከመረጠችዎ ማገዝ ይችላሉ። የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ ማንበብ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ረዳት አድርጎ እንዲመርጥ ይፈቅዳል፤ የማይፈቀድለት አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ ነው። ረዳት ግን አንባቢና ጸሐፊ እንጂ መራጭ አይደለም። የእርስዎ ምርጫ “አይ” ሆኖ የእርሷ “አዎ” ከሆነ የሚጠቆረው “አዎ” ነው። ልጅ ለእናቱ መልካም የሚያስብላት ሲመስለው ይህን ድንበር መሻገር ቀላል ስለሆነ አጥብቄ እናገራለሁ።

አንድ ሌላ ትንሽ ነገር አለ። ፖስታው ላይ የሚፈርሙት ፊርማ በመንጃ ፈቃድም ሆነ በምዝገባ ወቅት ከሰጡት ፊርማ ጋር ይመሳከራል። መንጃ ፈቃዳቸው ላይ በአማርኛ ፊደል የፈረሙ እናት ፖስታው ላይ ልጃቸው ባስጠናቸው የላቲን ፊደል ከፈረሙ አለመመሳሰል ይፈጠራል። እንዲህ ከሆነ የካውንቲው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይልካል፤ ከምርጫው ቀን በኋላ ባሉት ስምንት ቀናት ውስጥ ማስተካከል ይቻላል። ደብዳቤውን እንደ ማስታወቂያ ወረቀት አይጣሉት። ወረቀቱ ራሱ በምርጫው ቀን እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ በፈረንጁ 7 ሰዓት፣ መድረስ አለበት፤ የፖስታ ቤት ማኅተም ቀን አይቆጠርም።

ያልገባኝን ጥያቄ ባዶ ብተወው ችግር አለው?

በኮሎራዶ ሌላው ድምፅዎ አይበላሽም፤ የሚቆጠረው በዚያ ጥያቄ ላይ ድምፅ የሰጡት ሰዎች ብዛት ብቻ ነው። በሚኒሶታ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ግን ሌላ ሕግ አለባቸው፤ እዚያ ማሻሻያ የሚጸድቀው በምርጫው ከተሳተፉት ሁሉ ከግማሽ በላዩ “አዎ” ሲል ስለሆነ ባዶ የተተወ ጥያቄ እንደ “አይ” ይቆጠራል።

አንዴ ከጸደቀ በኋላ ማሻሻያውን ማን ሊለውጠው ይችላል?

ራሱ ሕዝቡ፣ በሌላ ማሻሻያ። ምክር ቤቱ ብቻውን አይችልም። ይህ ምን ያህል ዘመን የሚሻገር ነገር እንደሆነ ለማየት በ2022 በበጋው መጨረሻ ላይ በፖስታ የደረሰንን ቼክ ማስታወስ ይበቃል፤ ለአንድ ሰው 750 ዶላር፣ አብረው ግብር ለሚያሳውቁ ባልና ሚስት 1,500 ዶላር። ብዙ ሰው የወቅቱ አገረ ገዥ ስጦታ መስሎት ነበር። የገንዘቡ ምንጭ ግን ሕዝቡ በ1992 ያጸደቀውና “ታቦር” እየተባለ የሚጠራው ማሻሻያ ነው። ታቦር መንግሥት ያለ ሕዝብ ድምፅ ግብር እንዳይጨምር ይከለክላል፤ ገቢው ከዋጋ ንረትና ከሕዝብ ቁጥር ዕድገት ተደምሮ ከተቀመጠው ጣሪያ ካለፈም ትርፉ ለከፋዩ እንዲመለስ ያዛል። ብዙዎቻችን ገና አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ደሴ ትምህርት ቤት በነበርንበት ጊዜ የተሰጠ ድምፅ ከ30 ዓመት በኋላ የቤት ኪራያችንን አገዘ። የዚያኑ ያህል ደግሞ መንገድና ትምህርት ቤት ገንዘብ ሲያጥራቸው ምክር ቤቱ እጁ የታሰረበት ምክንያት ይኸው ነው። በ2000 የጸደቀው አሜንድመንት 23 የትምህርት በጀት በየዓመቱ እንዲያድግ አስገደደ፤ አንዱ ማሻሻያ ገቢውን ሲገድብ ሌላው ወጪውን ያስጨምራል። ሁለቱንም ያጸደቀው ያው ሕዝብ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እንዲያስታርቅ ግን ማንም አልጠየቀውም።

ከሕዝቡ ሌላ ፍርድ ቤትም አለ። የግዛት ሕገ መንግሥት ከፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ጋር ከተጋጨ ይወድቃል። በ1992 የጸደቀውና መንግሥታዊ አካላት ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ከመድልዎ የሕግ ከለላ እንዳይሰጡ የሚከለክለው አሜንድመንት 2 በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 በ6 ለ3 ድምፅ ተሽሯል። አንዳንዴ ደግሞ የሞተ አንቀጽ ሳይነሣ ለዓመታት ይቆያል፤ በ2006 ስለ ጋብቻ ትርጉም የገባው አንቀጽ በ2015 በፍርድ ቤት ውሳኔ ኃይል ቢያጣም ከሰነዱ የተሰረዘው በ2024 በአሜንድመንት ጄ ነው። ያኛው መሰረዝ ብቻ ስለነበረ 55 በመቶ አላስፈለገውም።

ቤተ ክርስቲያናችን፣ መስጊዳችን ወይም እድራችን በማሻሻያ ሐሳብ ላይ አቋም መያዝ ይችላል?

ከግብር ነፃ የሆነ የሃይማኖት ወይም የበጎ አድራጎት ተቋም ለእጩ መቀስቀስ ፈጽሞ አይፈቀድለትም። የማሻሻያ ሐሳብ ግን ሕግ እንጂ ሰው ስላልሆነ፣ ከሥራው ትንሹን ክፍል ብቻ እስከያዘ ድረስ አቋሙን መናገር ይችላል። ሁለቱን ወገኖች ጋብዞ ማወያየት ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው፤ በእኛ እድር ያየሁት ከሁሉ የተሻለ ውይይትም እንዲህ የተደረገው ነው።

በሌላ ግዛት ላሉ ዘመዶቼ ይህን ገጽ ብልክላቸው ይጠቅማቸዋል?

የማንበቢያ ዘዴው ይጠቅማቸዋል፤ ሕጉ ግን ይለያያል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በዋሽንግተን ግዛትና በቴክሳስ ዜጎች ፊርማ አሰባስበው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ማቅረብ አይችሉም፤ ሐሳቡ ከምክር ቤት ብቻ ይመጣል። በቨርጂኒያ እንዲያውም ምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ የተወካዮች ምርጫ ተደርጎ፣ ማጽደቅ አለበት። በቴክሳስ የሕገ መንግሥት ማሻሻያው ራሱ “ፕሮፖዚሽን” ስለሚባል ከላይ ስለ ስያሜ የተጻፈው እዚያ አይሠራም። በፍሎሪዳ 60 በመቶ ያስፈልጋል፤ በ2024 ውርጃን የሚመለከተው አሜንድመንት 4፣ 57 በመቶ ያህል አግኝቶ የወደቀው ለዚህ ነው። በላስ ቬጋስ ላሉት ደግሞ የኔቫዳ ሕግ በፊርማ የመጣ ማሻሻያ በሁለት ተከታታይ ጠቅላላ ምርጫዎች እንዲያልፍ ያዛል፤ በ2022 ያለፈው የምርጫ ሥርዓት ለውጥ በ2024 ወድቆ ከንቱ ቀርቷል። በደላዌር ብቻ ማሻሻያ ወደ ሕዝብ ድምፅ አይሄድም፤ ምክር ቤቱ በሁለት ተከታታይ ዘመኖች ካጸደቀው ያበቃል።

በኮሎራዶ የጸደቀው ማሻሻያ ሥራ ላይ የሚውለው መቼ ነው?

በምርጫው ሌሊት አይደለም። ድምፁ ተቆጥሮ፣ ካውንቲዎች ውጤታቸውን አረጋግጠው፣ አገረ ገዥው በአዋጅ ይፋ ሲያደርገው ነው፤ ሐሳቡ ራሱ ሌላ ቀን ከወሰነ ደግሞ በዚያ ቀን። ስለዚህ በኖቬምበር ያለፈ ነገር በጃንዋሪ ገና አልተጀመረም ቢባሉ አይደናገጡ፤ የብሉ ቡኩን ገጽ ይክፈቱና የሚጀምርበትን ቀን ከሐሳቡ ሙሉ ቃል ላይ ይፈልጉት።